በጋራ ክላስተር ላይ የአንድ ሶፍትዌር ብዙ ቨርዥኖችን አስማምቶ ማሠራት

አምና የሠራ ስክሪፕት ዘንድሮ እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮዱ ነው። ኮዱ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። የተለወጠው ከሥሩ ያለው ነው፤ ፓይተኑ፣ ኮምፓይለሩ (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው) ወይ አንዲት ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ዝግጁ ኮድ)። በግል ላፕቶፕ ላይ ይህን የሚለውጠው ባለቤቱ ራሱ ነው። በጋራ ክላስተር (ብዙ ሰው በሚጋራቸው የተሳሰሩ ኮምፒውተሮች) ላይ ግን አንዱ ፓይተን 3.12 ካልሆነ አይሆንልኝም ይላል፣ ሌላው ጥናቱን እስኪጨርስ ከ3.8 ንቅንቅ አይልም። አድሚኑ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የትኛው እንደሚነሳ መወሰን የተጠቃሚው ሥራ ነው።

አካሄዱ ከታች በቅደም ተከተል አለ። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናሉ ላይ የሚተየቡት በላቲን ፊደል ነው፤ ትዕዛዞቹ በትንንሹ፣ እንደ ፓዝ ያሉት ተለዋዋጮች በትልልቁ።

1. ከፓዝ ጀምሩ

«ፓይተን3» ብላችሁ ኢንተር ስትጫኑ ሼሉ (ትዕዛዛችሁን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም) ማሽኑን ሁሉ አያስስም። ፓዝ የሚባል ተለዋዋጭ አለ። ውስጡ የፎልደር አድራሻዎች በሁለት ነጥብ እየተለዩ ተደርድረዋል። ሼሉ ከፊት ጀምሮ አንድ በአንድ ያያል። በዚያ ስም መጀመሪያ ያገኘውን ያስነሳል፤ ከኋላ ያለውን ዞር ብሎም አያይም። ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ የሚባል ሌላ ዝርዝርም አለ። ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚያስፈልጉት የጋራ ላይብረሪዎች ከሲስተሙ ፎልደር በፊት የሚፈለጉት እዚያ ነው።

እንግዲህ ቨርዥን መለወጥ ማለት የእነዚህን ዝርዝሮች ቅደም ተከተል መለወጥ ነው። ምትሃት የለውም። ነገሩ ግራ ሲያጋባችሁ መጀመሪያ ይህን ጻፉ፦

ታይፕ -ኤ ፓይተን3

በፓዝ ላይ ያሉትን ፓይተኖች ሁሉ በየተራቸው ያወጣል። የሚነሳው የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው ነው። «ዊች» የሚባለውን ትዕዛዝ የሚመርጡ አሉ፤ እሱ ግን አንዱን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ አሊያስ (ለትዕዛዝ የተሰጠ ሌላ ስም) ካለም ሊሸወድ ይችላል። እኔ ታይፕን ነው የምመክረው።

2. ሞጁል የሚባለው ነገር

ዝርዝሩን በእጅ መለወጥ ይቻላል። ሶፍትዌሩ አሥር ሲደርስ ግን ራስ ያዞራል። ለዚህ ነው ዝርዝሩን በእናንተ ፋንታ የሚለውጠው፣ ሞጁል የሚባለው መሣሪያ የመጣው። ሐሳቡን ጆን ፈርላኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ነው ያቀረበው። ዛሬ ብዙ ክላስተሮች ላይ የምታገኙት ኤልሞድን ነው፤ ከቴክሳስ አድቫንስድ ኮምፒዩቲንግ ሴንተር የወጣ የሮበርት ማክሌይ ሥራ ነው። ሌሎች ክላስተሮች ኢንቫይሮንመንት ሞጁልስ የሚባለውን ነባሩን ይጠቀማሉ። ዋና ዋናዎቹ ትዕዛዞች በሁለቱም ላይ አንድ ናቸው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ «ሞጁል --ቨርዥን» ይነግራችኋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ብዙ ግራ መጋባት የሚያስቀር ነገር አለ። ሞጁል ተራ ፕሮግራም አይደለም፤ የሼል ፈንክሽን ነው። ሼሉ ያስነሳው ፕሮግራም የሼሉን ፓዝ መለወጥ አይችልም። የሚነካው የተሰጠውን ቅጂ ብቻ ነው። ሞጁል ይህን የሚያልፈው የሼል ትዕዛዞችን አዘጋጅቶ ለሼሉ በመስጠት ነው፤ የሚፈጽማቸው ሼሉ ራሱ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛ፣ ለውጡ ያለው በከፈታችሁት ተርሚናል ውስጥ ብቻ ነው። ወጥታችሁ ስትገቡ ይጠፋል፣ ሌላ ሰውንም አይነካም። ስለዚህ ሳትፈሩ ሞክሩ። ሁለተኛ፣ የሞጁል መስመሮችን በፋይል ጽፋችሁ ፋይሉን እንደ ስክሪፕት ብታስነሱት ተርሚናላችሁ ላይ ምንም አይለወጥም። ፋይሉን «ሶርስ» በሚለው ትዕዛዝ ነው መጥራት ያለባችሁ።

3. ምን ምን እንዳለ እዩ

«ሞጁል አቬይል» ዝርዝሩን ያወጣል። ሁሉንም ግን ላያወጣ ይችላል። ብዙ ክላስተር ሞጁሎቹን በደረጃ ነው የሚያስቀምጠው፤ መጀመሪያ ኮምፓይለር፣ ከዚያ በእሱ የተሠራ ኤምፒአይ (ብዙ ማሽን ላይ የሚሠራ ፕሮግራም መልእክት የሚለዋወጥበት ላይብረሪ)፣ ከዚያ በሁለቱ የተሠሩ ላይብረሪዎች። ኮምፓይለሩን ሎድ ሳታደርጉ (ሞጁሉን ሳትጠሩ) ኤችዲኤፍ5ን፣ ማለትም የዳታ ማስቀመጫ ላይብረሪውን፣ ብትፈልጉት አቬይል ላይ የለም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ «አልተጫነም» ብሎ ለአድሚን የሚጽፈው። ኤልሞድ ካላችሁ ትክክለኛው መጠየቂያ ይህ ነው፦

ሞጁል ስፓይደር ኤችዲኤፍ5

ሞጁል ስፓይደር ኤችዲኤፍ5/1.14.0

የመጀመሪያው ክላስተሩ ላይ ያሉትን ቨርዥኖች ሁሉ ይዘረዝራል። ሁለተኛው ደግሞ ያንን ቨርዥን ለማግኘት አስቀድሞ ምን ሎድ መደረግ እንዳለበት ይናገራል። ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ መስመር ይሰጣል። እያንዳንዱ መስመር አንድ አማራጭ ነው፤ አንዱን መርጣችሁ ተከተሉ እንጂ ሁሉንም አትደርድሩ።

አቬይል ላይ ከስሙ አጠገብ በቅንፍ «ዲ» ካያችሁ ዲፎልቱ (ቁጥር ሳትጠቅሱ ስትጠሩ የሚመጣው) ማለት ነው። «ኤል» ካያችሁ አሁን ሎድ ተደርጓል ማለት ነው።

4. ቨርዥኑን ሁልጊዜ በቁጥር ጥሩ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህ ይሁን። ጂሲሲ የሚባለውን ኮምፓይለር «ሞጁል ሎድ ጂሲሲ» ብላችሁ ብትጠሩ ይሠራል። ዛሬ 12.3.0ን ይሰጣችኋል እንበል። አድሚኑ አንድ ቀን 13.2.0ን አስገብቶ ዲፎልቱን ሲቀይር ያው መስመር 13.2.0ን ይሰጣል፤ እናንተ አንዲት ፊደል ሳትነኩ። ፕሮግራሙ አልነሳ ካለ እንኳ እሰየው ነው፤ ቢያንስ ታውቃላችሁ። የከፋው ሳያጉረመርም ተነስቶ ትንሽ የተለየ ቁጥር ሲያወጣ ነው። የተለያየ ኮምፓይለር የድምር ቅደም ተከተልን በተለያየ መንገድ ሊያመቻች ይችላል፤ የአስርዮሽ መጨረሻ አሃዞች ከዚያ ይለያያሉ። ረጅም ሲሙሌሽን ላይ ያቺ ትንሽ ልዩነት እየሰፋች ትሄዳለች።

ስለዚህ መነሻችሁ ይህን ይምሰል፦

ሞጁል ፐርጅ

ሞጁል ሎድ ጂሲሲ/12.3.0

ሞጁል ሎድ ኦፕንኤምፒአይ/4.1.5

ሞጁል ሊስት

ፐርጅ ቀድሞ የነበረውን ያራግፋል። አንዳንድ ክላስተር ላይ ለማሽኑ አሠራር የግድ የሆኑ ሞጁሎች ተጣብቀው ይቀራሉ። በ«--ፎርስ» ይነቀላሉ፤ ግን ያለ ምክንያት አትንቀሏቸው። ሊስት የመጨረሻውን ሁኔታ ያሳያል።

ኤልሞድ የአንድ ስም ሁለት ቨርዥን አንድ ላይ አይሸከምም። 12.3.0 ላይ ሆናችሁ 13.2.0ን ብትጠሩ የፊተኛውን አውጥቶ አዲሱን ያስገባል፣ በእሱ ላይ የተመሠረቱትንም ከአዲሱ ጋር በሚስማማ ይተካቸዋል። ይህን ሲያደርግ አጭር መልእክት ይጽፋል። ሰው ያንን መልእክት ሳያነብ ያልፋል፤ አንብቡት። ሌላ ነገር ሎድ ስታደርጉ ኮምፓይለራችሁ ከእጃችሁ መቀየሩን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

አንድ ሞጁል በትክክል ምን እንደሚያደርግ ማየት ስትፈልጉ ደግሞ «ሞጁል ሾው» አለላችሁ። የትኛውን ፎልደር ፓዝ ላይ እንደሚጨምር፣ የትኞቹን ተለዋዋጮች እንደሚያስቀምጥ መስመር በመስመር ያሳያል። ሎድ ሳያደርግ ነው የሚያሳየው። እንደዚህ ጠቃሚ ሆኖ እንደዚህ የተረሳ ትዕዛዝ የለም።

5. የተለያየ ቤተሰብ አትቀላቅሉ

አንድ ላይብረሪ በጂሲሲ 12 ከተሠራ ጓደኞቹም በዚያው ቢሠሩ ይመረጣል። ለዚህ ነው ኢዚቢልድ የሚባለው የሶፍትዌር መጫኛ መሣሪያ ቱልቼይን የሚሉትን ነገር የሚጠቀመው። ለምሳሌ «ፎስ/2023ኤ» ስትሉ ጂሲሲ 12.3.0፣ ኦፕንኤምፒአይ 4.1.5፣ ኦፕንብላስ 0.3.23 እና ኤፍኤፍቲደብልዩ 3.3.10 አንድ ላይ ተሳስረው ይመጣሉ። የሞጁሉ ስም መጨረሻ ላይ «ፎስ-2023ኤ» ወይም «ጂሲሲ-12.3.0» የሚል ቅጥያ ካያችሁ የቤተሰቡ ስም ነው። ሎድ የምታደርጓቸው ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ይሁኑ፤ አንዱ 2023ኤ ከሆነ ሌሎቹም 2023ኤ።

ሲቀላቀሉ የሚመጣውን ስህተት በመልኩ እወቁት። ፕሮግራሙ ሊነሳ ሲል «ጂሊብሲኤክስኤክስ_3.4.30 አልተገኘም» የሚል መልእክት ይወጣል። ያቺ ቁጥር የጂሲሲ 12 ምልክት ናት። ፕሮግራሙ የተሠራው በ12 ወይም ከዚያ በኋላ ባለ ኮምፓይለር ነው፤ ሲነሳ ያገኘው ግን የድሮ ሲፕላስፕላስ ላይብረሪ ነው። መፍትሔው ላይብረሪ ከኢንተርኔት አውርዶ ሆም ፎልደር ውስጥ መወርወር አይደለም። «ኤልዲዲ» ብላችሁ የፕሮግራሙን ስም ስጡት። የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎችና እያንዳንዳቸውን ከየት እንደሚያገኝ ይዘረዝራል። የሲስተሙን ላይብረሪ እየያዘ ከሆነ ሲሠራ የነበረውን የጂሲሲ ሞጁል መልሳችሁ ሎድ አድርጉ።

«ጂሊብሲ» የሚለው ከመጣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደሉም። ጂሊብሲ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አካል ነው። ሴንትኦኤስ 7 ላይ 2.17፣ ሬድ ሃት 8 ላይ 2.28፣ ሬድ ሃት 9 ላይ 2.34 ነው። በሞጁል አይለወጥም። ክፍል 9 ላይ እመለስበታለሁ።

6. ሥራ ስትልኩ

ስለርም (ክላስተሩ ላይ ሥራዎችን ተራ የሚያስይዘው ሶፍትዌር) ላይ ሥራ መላኪያውን ትዕዛዝ ኤስባችን ስትሉ በዚያ ሰዓት ተርሚናላችሁ ላይ ያለው ሁኔታ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ዲፎልቱ እንዲህ ነው። ምቹ ይመስላል፤ ግን ስክሪፕቱ በራሱ ሙሉ አይደለም ማለት ነው። ከሌላ ተርሚናል ስትልኩት ሌላ ነገር ይሆናል፤ የሥራ ባልደረባችሁ ሲልከው ደግሞ ሌላ።

ክፍል 4 ላይ ያሉትን አራት የሞጁል መስመሮች ከኤስባች ቅንብሮቹ ሥር፣ ከዋናው ትዕዛዝ በላይ አስገቧቸው። የሞጁል ሊስት ውጤት በሥራው ሎግ ውስጥ ይቀራል። ከዓመት በኋላ «ይህን በምን ነበር የሠራሁት?» ስትሉ መልሱ እዚያ ነው።

የሞጁል መስመሮችን ባሽአርሲ ፋይላችሁ ውስጥ አትክተቱ። ያ ፋይል ሼል በተከፈተ ቁጥር ይነበባል፤ ለአንዱ ፕሮጀክት የጻፋችሁት ሌላውን ሁሉ ይበክላል። ለአቋራጭ ከፈለጋችሁ ኤልሞድ «ሞጁል ሴቭ» እና «ሞጁል ሪስቶር» አሉት፤ የፕሮጀክቱን ስም ሰጥታችሁ የሞጁሎቹን ስብስብ ታስቀምጣላችሁ፣ በፈለጋችሁ ጊዜ ትመልሱታላችሁ። ለዕለት ሥራ ጥሩ ነው። ስክሪፕት ውስጥ ግን ስሞቹና ቁጥሮቹ በግልጽ ቢጻፉ እመርጣለሁ፤ ስብስቡ ያለው በእናንተ ሆም ውስጥ ነው፣ ሌላ ሰው አያየውም።

7. ፓይተን፣ የብዙ ችግር ምንጭ

ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። የፓይተን ሞጁሉን በቁጥር ሎድ አድርጉ። በእሱ ላይ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ቬንቭ (የራሱ ፓኬጆች ብቻ ያሉበት ፎልደር) ፍጠሩ፦ «ፓይተን3 -ኤም ቬንቭ» ብላችሁ የፎልደሩን ስም። ከዚያ አክቲቬት አድርጉና ፓኬጅ ለመጫን ፒፕ ተጠቀሙ። በኋላ ስትመለሱም ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ መጀመሪያ ሞጁሉ፣ ቀጥሎ አክቲቬት። ቬንቩ የራሱ ፓይተን የለውም፤ ሞጁሉን ነው የሚጠቁመው። አድሚኑ ያንን ሞጁል ቢያስወግደው ቬንቩ ይሞታል። ስለዚህ የ«ፒፕ ፍሪዝ»ን ውጤት በፋይል አስቀምጡ፤ በደቂቃዎች ውስጥ እንደገና ትሠሩታላችሁ።

የማይታየው ጠላት «ፒፕ ኢንስቶል --ዩዘር» ነው። ፓኬጆቹን ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ፣ ነጥብ-ሎካል በሚባለው ድብቅ ፎልደር ሥር ያስቀምጣል። ፎልደሩ የሚለየው በፓይተኑ የመጀመሪያ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ነው። 3.11 የሆነ ፓይተን ሁሉ፣ ከየትኛውም ሞጁል ይምጣ፣ እዚያ ያለውን ያነባል፤ ያውም ብዙ ጊዜ ሞጁሉ ካመጣው ፓኬጅ አስቀድሞ። «ሞጁሉ ኖምፓይ 1.25 አለው ይላል፣ እኔ ግን 1.24 ነው የማገኘው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እዚያ ፎልደር ውስጥ ፈልጉ። ለመፈተን ፓይተንን በ«-ኤስ» አስነሱት፤ ያኔ ያንን ፎልደር አያይም። ችግሩ ከጠፋ ሌባው ተያዘ። ፓይተንኖዩዘርሳይት የሚባለውን ተለዋዋጭ 1 ብታደርጉት ደግሞ ለሁሉም ይዘጋል።

ኮንዳ የሚባለው ሌላ ፓኬጅ መጫኛ ከፓይተን ውጭ ያሉ ነገሮችንም ስለሚያመጣ ይወደዳል። ክላስተር ላይ ግን ሁለት ጣጣ አለው። አንዱ «ኮንዳ ኢኒት» ባሽአርሲ ውስጥ ገብቶ ቤዝ የሚለውን ኢንቫይሮንመንት በገባችሁ ቁጥር ማስነሳቱ ነው። ያኔ ፓዝ ላይ ከሁሉም ፊት የሚቆመው የኮንዳ ፎልደር ነው። ይህን ራስ-ሰር ማስነሻ በኮንዳ ኮንፊግ አጥፉት። ሁለተኛው የፋይል ብዛት ነው። አንድ መካከለኛ ኢንቫይሮንመንት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ሊኖሩት ይችላል። ክላስተሮች ኮታ የሚያስቀምጡት በጊጋባይት ብቻ ሳይሆን በፋይል ብዛትም ነው፤ እንደ ላስተር ያሉ የጋራ ፋይል ሲስተሞችም ትንንሽ ፋይል ሲበዛባቸው ይንቀረፈፋሉ። «ቦታ አለኝ፣ ለምን ሞላ ይለኛል?» ካላችሁ መልሱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ኮንዳንና የክላስተሩን ሞጁሎች ደግሞ አታጋቡ። ወይ ይሄ ወይ ያ። ኮንዳ የራሱን ላይብረሪዎች ይዞ ይመጣል፣ ሞጁሎቹም የራሳቸውን፤ ሁለቱ ሲገናኙ ክፍል 5 ላይ ያያችሁት ስህተት ይወለዳል።

8. የሌለውን ራሳችሁ ስትጭኑ

ሩት (የአድሚኑ ሙሉ ሥልጣን) አያስፈልጋችሁም። ሆም ፎልደር ውስጥ «አፕስ» የሚል ፎልደር ክፈቱ። ከሥሩ በሶፍትዌሩ ስም፣ ከዚያ ሥር በቨርዥኑ ቁጥር። ግንባታውን በሚያዘጋጀው ትዕዛዝ «ኮንፊገር» ስትሉ፣ መጫኛ ቦታውን የሚናገረውን «--ፕሪፊክስ»ን ወደዚያ የቁጥር ፎልደር አመልክቱ። «ሜክ» ብላችሁ ስትገነቡ ሎግኢን ኖዱን (ስትገቡ የምታርፉበትን ማሽን) ሁሉም ሰው እንደሚጋራው አትርሱ፤ ከባድ ግንባታ ከሆነ ኮምፒዩት ኖድ (የተላኩ ሥራዎች የሚሠሩበትን ማሽን) ጠይቁ። ሌላም ምክንያት አለው። «-ማርች=ኔቲቭ» የሚል አማራጭ ካለ ኮምፓይለሩ የሚያመቻቸው ለቆማችሁበት ፕሮሰሰር ነው። ሎግኢን ኖዱ አዲስ፣ ኮምፒዩት ኖዱ የቆየ ከሆነ ፕሮግራሙ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ይወድቃል።

ቀጥሎ የራሳችሁን ሞጁል ፋይል ጻፉለት። ያስፈራል እንጂ ጥቂት መስመር ነው። «ሞጁልፋይልስ» የሚል ፎልደር፣ ከሥሩ በሶፍትዌሩ ስም ሌላ ፎልደር፣ ውስጡ «3.2.1.ሉአ» የሚል ፋይል። ፋይሉ ውስጥ ፕሪፔንድ_ፓዝ የሚለውን ሁለት ጊዜ ትጽፋላችሁ፤ አንዴ ለፓዝ የቢን ፎልደሩን፣ አንዴ ለኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ የሊብ ፎልደሩን። የተሠራበትን ኮምፓይለር ደግሞ በዲፔንድስ_ኦን ጨምሩ፤ ኤልሞድ አብሮ ሎድ ያደርገዋል። ከዚያ፦

ሞጁል ዩዝ ~/ሞጁልፋይልስ

የእናንተ ሞጁል ከክላስተሩ ሞጁሎች ጋር አቬይል ላይ ይታያል። አዲስ ቨርዥን ሲወጣ አዲስ ፎልደርና አዲስ ፋይል፤ የድሮውን በላዩ ላይ አትጻፉበት። ቡድን ከሆናችሁ ፎልደሩን የጋራ ቦታ ላይ አድርጉት።

የሚጫነው ነገር ብዙ ተጓዳኝ ላይብረሪ ከፈለገ በእጅ አትልፉ። ስፓክ የተባለው ከሎረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላብራቶሪ የወጣ መሣሪያ ለዚህ ነው የተሠራው። ቨርዥኑን በ«አት» ምልክት፣ ኮምፓይለሩን በፐርሰንት ምልክት ትነግሩታላችሁ፤ የቀረውን ራሱ ያጠናቅራል፤ ካዘዛችሁት ሞጁል ፋይሉንም ይጽፋል። ከሥሩ ጀምሮ ሁሉንም ሊሠራ ስለሚነሳ ጊዜም ቦታም ይበላል፤ ክላስተሩ ላይ ያለውን ኮምፓይለርና ኤምፒአይ እንዲጠቀም አስቀድማችሁ አሳዩት።

9. ሞጁል የማይፈታው

ሶፍትዌሩ ከማሽኑ የተለየ ጂሊብሲ ወይም ሙሉ በሙሉ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲፈልግ ኮንቴይነር (ሶፍትዌሩን ከሚያስፈልገው የኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይሎች ጋር የያዘ ጥቅል) ነው መውጫው። ታዋቂው የኮንቴይነር መሣሪያ ዶከር የጋራ ክላስተር ላይ ብዙውን ጊዜ አይፈቀድም፤ ዶከርን በተለመደው መንገድ ማዘዝ የሚችል ሰው ማሽኑ ላይ የሩት ያህል ሥልጣን ይኖረዋል። በምትኩ ያለው አፕቴይነር ነው፤ እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ሲንጉላሪቲ ይባል የነበረው። የዶከር ምስሎችን አውርዶ ወደ አንድ ፋይል ይለውጣል። አንድ ፋይል መሆኑ የፋይል ብዛት ኮታውንም ያቃልላል፤ ከባድ የኮንዳ ኢንቫይሮንመንትን ኮንቴይነር ውስጥ መክተት ለዚህ ሁነኛ መላ ነው።

ኮንቴይነር ውስጥ ገብቶም ከውጭ መበከል አለ። አፕቴይነር ሆም ፎልደራችሁን በራሱ ያስገባል፤ ያ የነጥብ-ሎካል ፎልደርም አብሮ ይገባል። በ«--ኖ-ሆም» ወይም በ«--ኮንቴይን» አስቀሩት።

ጂፒዩ ስትጠቀሙ «--ኤንቪ» ጨምሩ። ኩዳ በሚባለው የኤንቪዲያ ጂፒዩ ማሠሪያ ሶፍትዌር ቨርዥን ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ ከላይ የሚያሳየው የኩዳ ቁጥር የተጫነውን አይደለም፤ ድራይቨሩ የሚደግፈውን ከፍተኛውን ነው። የተጫነውን የሚናገረው «ኤንቪሲሲ --ቨርዥን» ነው። ሁለቱ ቢለያዩ አትደንግጡ፤ የድራይቨሩ ቁጥር ከፍ ያለ እስከሆነ ድረስ ጤና ነው።

10. አሁንም እምቢ ካለ

ለአድሚኑ «አልሠራልኝም» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። የሞጁል ሊስትን ውጤት፣ የታይፕ -ኤን ውጤት፣ የላይብረሪ ስህተት ከሆነ የኤልዲዲን ውጤት፣ የሥራውን ቁጥርና የስህተቱን መልእክት ከነሙሉ ቃሉ ላኩ። በፎቶ ሳይሆን ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ፤ አድሚኑ ቃሉን ገልብጦ ሎግ ውስጥ መፈለግ ይኖርበታል። አዲስ ቨርዥን እንዲጫን የምትጠይቁ ከሆነም ትክክለኛውን ቁጥርና ከየትኛው ኮምፓይለር ጋር እንደምትፈልጉት ጨምሩ። «የመጨረሻውን» ብላችሁ ከጻፋችሁ ደብዳቤው መልሶ ጥያቄ ይዞ ይመጣል።